መኪናው ከኋላ ሲወዛወዝ

ባልና ሚስትን ስለሚያነጋግሩ ጉዳዮች ሲጻፍ ገንዘብ፣ ዘመድና የልጆች አስተዳደግ ይነሳሉ። በእኛ ቤት ግን አንድ ሰሞን ያከራከረን የመኪናችን የኋላ እግር ነበር። የምንኖረው በባሌ፣ ጊኒር ነው። ባለቤቴ መጋቢ በመሆኑ አሮጌዋ ቪትዛችን ከገጠር አጥቢያዎች እስከ ሮቤና ጎባ ትመላለሳለች። የታመመ ሰው ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ስናደርስ እርሱ ይነዳል፤ እኔ ከሕመምተኛው ጋር ከኋላ እቀመጣለሁ።

ለውጡ የተሰማኝ እዚያ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የመኪናዋ ፊት ከዞረ በኋላ ኋላዋ ዘግይቶ ይከተላል። የባሌ ስንዴ በሚሰበሰብበት ወቅት ጭነት የያዘ ኢሱዙ በአጠገባችን ሲያልፍ ነፋሱ ወደ ጎን ይገፋታል፤ አንዴ ተወዛውዛ በመቆም ፈንታ ሁለት ሦስት ጊዜ ትወዛወዛለች። ኮረኮንች ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ኋላዋ ይዘላል። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው፣ «መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ምንም አልተሰማኝም» አለኝ።

ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። የመኪና እግር በአንድ ቀን አያልቅም፤ ወር በወር ትንሽ በትንሽ ይደክማል። በየቀኑ የሚነዳ ሰው እጁ ከለውጡ ጋር አብሮ ይለምዳል፤ መሪውን ትንሽ ትንሽ ማረም ልማድ ይሆንበትና ማረሙን እንኳ አያስተውለውም። ከኋላ ጎማዎች አጠገብ የተቀመጠ ሰው ግን መሪ በእጁ ስለሌለ የመጣውን ሁሉ በወገቡ ይቀበላል።

ስለዚህ ክርክሩን ትተን ነገሩን ለመመርመር ተስማማን። ወደ ሮቤ በሄድንበት ቀን እርሱ ሲነዳ እኔ ደብተር ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። መኪናዋ መቼ እንደምትወዛወዝ፣ ስንት ሰው እንደጫንን፣ መንገዱ ቀጥታ ወይም ጠመዝማዛ መሆኑን፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰማ ጻፍኩ። ጋራዥ ስንደርስ መካኒኩ ያንን ገጽ አንብቦ፣ «ይህ የፊት እግር ጉዳይ አይመስልም» አለን። መሪው ራሱ በእጅ ላይ ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲላላ ብዙውን ጊዜ ፊት ይፈተሻል፤ መሪው ጸጥ ብሎ ወገብ ሲወዛወዝ ግን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የኋላውን አሠራር ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል። ቪትዝን የመሳሰሉ ትንንሽ መኪናዎች ኋላቸው የሚያርፈው ግራና ቀኙን በሚያያይዝ አንድ የብረት ምሰሶ ላይ ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው ቮልስዋገን ጎልፍ ላይ ታይቶ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል፤ ቀላል፣ ርካሽና ብዙ ቦታ የማይወስድ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ምሰሶው ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው በሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች፣ ማለትም በብረትና በብረት መካከል በሚገባ ላስቲክ ነው። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፤ ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ ሞላው ደጋግሞ እንዳይዘል ይገታዋል። ጎሚኒው ሲሰነጠቅ ምሰሶው ከቦታው ትንሽ ይንሸራተታል፤ በዚህ ጊዜ የኋላ ጎማዎች ነጂው ሳያዝዛቸው ጥቂት ይዞራሉ። ሾክ አብዞርበሩ ሲደክም ደግሞ ጎማው ከመሬት እየተነሳ ይነጥራል፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መንገድም አይዝም።

መካኒኩ ምርመራውን የጀመረው ከርካሹ ነገር ነው። በመጀመሪያ የጎማውን ነፋስ በነጂው በር አጠገብ በተለጠፈው ልክ አስተካከለ፤ ነፋሱ ግራና ቀኝ ካልተመጣጠነ ጤነኛዋም መኪና ትወላገዳለችና። ቀጥሎ እጁን በጎማው ጥርስ ላይ አሻሸ። ዙሪያውን ወጣ ገባ ሆኖ የተበላ ጎማ ብዙ ጊዜ የደከመ ሾክ አብዞርበርን ያመለክታል፤ በአንድ ጠርዝ ብቻ የተበላው ደግሞ የጎማውን አቋም መዛባት። ከዚያ የመኪናዋን የኋላ ጥግ በኃይል ተጭኖ ለቀቀ። ጤነኛ መኪና አንዴ ተነሥታ ትረጋለች፤ ደጋግማ ከነጠረች ሾክ አብዞርበሩ ሞቷል ማለት ነው። ይህን ፈተና ማለፍ ግን ጤንነትን አያረጋግጥም፤ በከፊል የደከመው ሊያልፍ ይችላልና፣ ዘይት ማፍሰሱንም ማየት ይገባል። በተስተካከለ መሬት ላይም ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ያለውን ከፍታ በሜትር ለካ፤ አንዱ ጎን ዝቅ ካለ ሞላው ተሰብሮ ወይም ደክሞ ሊሆን ይችላል። ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ የማጉረምረም ድምፅ ወደ ኩሽኔታው ይመራል።

በእኛ መኪና ሁለቱም ጎሚኒዎች ተሰነጣጥቀው፣ የቀኙ ሾክ አብዞርበርም ዘይት አፍስሶ ተገኘ። እኛ ለሁለት አዲስ ጎማና ለፊት አላይመንት ገንዘብ አስቀምጠን ነበር፤ ያ ገንዘብ ወደ ኋላ እግር ተዛወረ። በዚህ ዓይነት ምሰሶ ላይ የኋላ ጎማዎች አቋም እንደ ፊቱ በብሎን አይስተካከልም፤ ስለዚህ የፊቱን አላይመንት ደጋግሞ ማሠራት የኋላውን ሕመም አይፈውስም።

ሁለት ነገር አስተውሉ። ሾክ አብዞርበር ጥንድ በጥንድ ይቀየራል፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው በሁለቱ ጎን እኩል አይቆምም። የጎሚኒው ብሎን ደግሞ በመጨረሻ የሚጠብቀው የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ጎማው በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ስለሚቆይ ቶሎ ይቀደዳል። ሲሠራላችሁ ይህን በትሕትና መጠየቅ መብታችሁ ነው። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ግን ማንም አይግባ፤ ጎማዎቹ ይታገዱ፣ ጠንካራ የብረት መቆሚያም ይደገፍ።

አሮጌ መኪና መንከባከብ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በእጃችን ያለችው መኪና ልጆቻችንንም ሕመምተኞቻችንንም ገና ለዓመታት ታመላልሳለች።

ስለዚህ መኪና ያላችሁ ባለትዳሮች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከረጅም ጉዞ በፊት ቦታ ተለዋወጡ። ዘወትር የምትነዱት አንድ ቀን ከኋላ ተቀመጡ፤ መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ይንዳ። ከኋላ የምትቀመጡትም የተሰማችሁን «ምናልባት የእኔ ስሜት ነው» ብላችሁ አትዋጡት፤ የት፣ መቼና እንዴት እንደሆነ ለይታችሁ ተናገሩ። ነጂውም «እኔ አልተሰማኝም» ብሎ ነገሩን ከመዝጋቱ በፊት መኪናውን አቁሞ የኋላውን ጥግ ተጭኖ ይልቀቅ። ጉዳዩ የማን ትክክል መሆን አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች በሰላም ቤታቸው መግባት ነው።