ጋቢው ስር
በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ሰሞን ቤታችን ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። እማዬ ሳል በሰማች ቁጥር ቅጠሉን አፍልታ፣ ድስቱን ከእሳት እንዳወጣችው አምጥታ ጋቢ ታከናንበን ነበር። «ካላቃጠለ አያድንም» ትላለች። እኔም አምናት ነበር።

አንድ ማታ ተራው የታናሽ ወንድሜ ነበር። «በቃኝ» ሲል የጋቢውን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ «ትንሽ ቻል» እያልኩ። ሲወራጭ ድስቱን ገፋው። ጭኑ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይሄም ቢሆን ቆዳ ይልጣል። እንፋሎት ደግሞ ፊት ሲነካ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ሲመለስ የተሸከመውን ሙቀት እዚያው ያራግፋል። ቫይረሱን ግን አይገድልም። ቢበዛ የታፈነ አፍንጫን ለጊዜው ያቀላል፤ ለዚያ ማቃጠል አያስፈልገውም።

አሁን ወንድሜን ጉንፋን ሲይዘው ሙቅ ሻወር እከፍትና መታጠቢያ ቤት አስቀምጠዋለሁ። በሩን አልዘጋውም። «በቃኝ» ሲል ይወጣል።