ዕቅዱ በየብስ፣ ፈተናው በባሕር



ቀይ ባሕር ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች ባዕድ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ615 የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች ወደ ነጃሺ አገር ሲሰደዱ የተሻገሩት እርሱን ነው። ይህ ባሕር በሰሜን በኩል ሲና ላይ ለሁለት ይከፈላል። በምሥራቁ ክንፍ፣ በዐቀባ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ዳሃብ የምትባል የግብፅ ከተማ አለች። ሁለት ጓደኛሞች ሆነን የሄድነው ከከተማዋ በስተሰሜን ያለውን "ሰማያዊ ጉድጓድ" ለማየት ነበር። ጉድጓዱ ከ100 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዙሪያው በሱረቱ አር-ረሕማን ስሙ የተነሣው መርጃን፣ ማለትም ኮራል ነው። በውጭ በኩል ኮራሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል።

መሪያችን፣ የአገሩ በደዊን የሆኑ ጎልማሳ፣ ውሃ ከመንካታችን በፊት መሬት ላይ በእንጨት ሥዕል ሣሉልን። "ደወሎቹ" ከሚባለው ስንጥቅ ገብተን 26 ሜትር ያህል እንወርዳለን፤ ከዚያም ግድግዳውን በቀኝ ትከሻችን አድርገን ወደ ደቡብ እንዋኛለን፤ በመጨረሻም 7 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው መግቢያ አልፈን ወደ ጉድጓዱ እንገባለን። ከ30 ሜትር በታች ማንም አይወርድም። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ ስለሚጨምር፣ በ30 ሜትር ላይ አየር የሚያልቀው ከውሃው ወለል ላይ በአራት እጥፍ ፈጥኖ ነው። ሲሊንደሩ 200 ባር ይዟል። የማንም መለኪያ 100 ሲያሳይ ሁላችንም ወደ ላይ ከፍ እንላለን። የመጨረሻው 50 ለክፉ ቀን ነው፤ አይነካም።

"ቅስቱንስ አናየውም?" አለ ጓደኛችን። ቅስቱ ጉድጓዱን ከውጭው ባሕር ጋር የሚያገናኝ ዋሻ ነው፤ ጣሪያው የሚጀምረው ከ50 ሜትር በታች ነው። መሪያችን መልስ አልሰጡም። ወደ ገደሉ ወሰዱንና ጠልቀው በሕይወት ያልተመለሱ ሰዎች የሚታወሱባቸውን ሰሌዳዎች አሳዩን። ከሟቾቹ መካከል ልምድ ያላቸውም ነበሩ። "ልጆቼ፣ ውሃው ጥሩ ስለሆነ ቅስቱ ቅርብ ይመስላል። ደግሞም ጥልቀቱ ያሰክራል" አሉን። እውነት ነው። ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ በግፊት የሚተነፈሰው ናይትሮጅን አእምሮን እንደ መጠጥ ያደነዝዛል።

ቢስሚላህ ብለን ገባን። ከስንጥቁ ስንወጣ ከእግራችን በታች ወለል የለም፤ ሰማያዊ ብቻ ነው። ብርቱካናማ ዓሦች በግድግዳው ላይ ይርመሰመሳሉ። ሱብሓነላህ! በዚህ መሐል ብረት ሲንኳኳ ሰማን። መሪያችን ሲሊንደራቸውን እየመቱ ነበር። ጓደኛችን ከእኛ በታች ሆኖ ቁልቁል ያያል። ወርደው መለኪያውን ፊቱ ላይ አቀረቡለት፤ 34 ሜትር ይላል። አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ለጥቂት ጊዜ ምልክቱን የማያውቀው ይመስል ፈዞ ቆየ። ልባችን ተሰቀለ። ከዚያ ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆይተን፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ወጣን።

"ወላሂ ምንም አልታወቀኝም፤ ደስ ብሎኝ ብቻ ነበር" አለ።

"ለዚህ ነው ልጄ፣ ዕቅድ በየብስ የሚወጣው" አሉት መሪያችን። "ታች ሆነህ አዲስ ሐሳብ አታስብም፤ ላይ ሆነህ የገባኸውን ቃል ብቻ ትጠብቃለህ።"

ወጣቶች ሆይ! ሕይወታችን ከአላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠን አማና ነው። ተወኩል ማለት ሰበቡን ሳያደርሱ ወደ ጥልቁ መዝለል አይደለም። ይህ ለጠላቂ ብቻ የተነገረም አይደለም። ሰውን የሚያደነዝዝ ነገር ሁሉ ሲመጣ በደስታ መልክ ነው፤ ስለዚህ ወሰናችንን አእምሯችን ገና ንጹሕ ሳለ እናስምር። በዚያ ሰዓት እጁን የሚዘረጋ ጓደኛም አይለየን። አላህ ከየብስም ከባሕርም አደጋ ይጠብቀን። አሚን።