ቡዳ ነኝ የሚል ማን አለ?

አሜሪካ ውስጥ «እኔ ቫምፓየር ነኝ» ብለው የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ? ስለ ፊልም እያወራሁ አይደለም። ቢሮ የሚገቡ፣ ግብር የሚከፍሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ጆን ኤድጋር ብራውኒንግ የተባለ ተመራማሪ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ውስጥ አብሯቸው ከርሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቱን አሳትሟል። አንዳንዶቹ ፈቃደኛ ከሆነ ሰው ጥቂት ደም ይወስዳሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የምንመገበው የሰው «ጉልበት» ነው ይላሉ፤ ካላገኙ ይደክማቸዋል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ የዲ.ጄ. ዊሊያምስና የባልደረባው፣ እነዚህ ሰዎች ለሐኪምና ለአማካሪ ማንነታቸውን መናገር እንደሚፈሩ ይገልጻል። እብድ እንዳይባሉ ነዋ!

ይህንን ያነበብኩት የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ ነው። «ቫምፓየርነት በዘመናዊ ሕይወት» ምናምን የሚል ጽሑፍ ጻፍኩና ኤ አገኘሁበት። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ግን «ቡዳ» የሚል ቃል አንዴ እንኳን የለም። የነቀምት ልጅ ሆኜ! የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ ሆኜ! (ይቺን ሁለተኛዋን በአደባባይ ስጽፋት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።)

ቡዳ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጥርስ አያስፈልገውም፤ በዓይኑ ይበላል። ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ይባላል፤ እኛ ጋ ጅብ ወራቤሳ ነው። መድኃኒቱ ክታብ፣ ጭስ፣ ነጭ ሽንኩርት። እ.ኤ.አ. በ1897 ድራኩላን ያሳተመው ብራም ስቶከርና የነቀምት ባልቴቶች ተያይተው አያውቁም፤ በነጭ ሽንኩርቱ ነገር ግን እንዴት እንደተስማሙ እንጃ።

የማይስማሙት ሌላ ላይ ነው። እዚያ ሰውዬው ራሱ «ነኝ» ይላል። እኛ ጋ ቡዳ ያየ እንጂ ቡዳ የሆነ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ስሙ ከውጭ ተለጥፎ ነው የሚመጣው፤ የሚለጠፈውም በማን ላይ እንደሆነ ይታወቃል። ብረት ቀጥቃጩ (በኦሮምኛ ቱምቱ)፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ። ወለጋ ብቻም አይደለም። ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 በአማራው መካከል ስላለው የቡዳ እምነት ባሳተመው ጥናት ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ስሙ የሚያርፈው ርስት በሌለው ባለ እጅ ላይ። ጎንደር ላይ ደግሞ ቤተ እስራኤሎች ለዘመናት ተሸክመውታል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡም አለ።

አያቴን አኮ ነበር የምንላት። ጭቃ ስታቦካ፣ ጀበና አንገት ስታወጣ፣ የተተኮሰውን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን አስጠግታ ስታዳምጥ ነው የማስታውሳት። ስንጥቅ ካለው ድምፁ ይሞታል፣ ትል ነበር። አንድ ነገር ግን አይገባኝም ነበር፤ አኮ ሕፃን አታይም። ጎረቤት ወልዶ ስትጠይቅ ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው። «ሲያምር!» ብላ አታውቅም። ገበያ መንገድ ላይ ሕፃን ያዘለች ሴት ስትመጣ መሀረቧን ታስተካክላለች፣ ወይ ጎንበስ ትላለች። ልጅ የማትወድ ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ዓመቴ ይመስለኛል። የጎረቤታችን ልጅ፣ የጨዋታ ጓደኛዬ፣ ትኩሳት ይዟት ሁለት ቀን ስትቃዥ ከረመች። «ተበልታለች» ተባለ። አንድ አዋቂ የሚባሉ ሰውዬ መጡ። ከሰል ማጨሻ ላይ ተደረገ፣ ሥር ተጨመረበት፣ ልጅቷን ጋቢ ደርበውባት ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። ማጨሻውን አውቀዋለሁ፤ አኮ የሠራችው ነው። ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። ልብ በሉ፣ የሚጠየቀው በውስጧ ገብቶ ይበላታል የተባለው ነው። «ማነህ? ተናገር! የት አገኘሃት?» ጓደኛዬ ሳለች፣ አለቀሰች፣ «ተዉኝ፣ እሄዳለሁ» አለች። «ማነህ?» ሲሏት «እኔ…» ብላ የአኮን ስም ጠራች።

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«እኔ ቡዳ ነኝ» የሚለው ነገር እኛ አገር የሚሰማው እንዲህ ነው። ያንን ያለችው አንዲት የታመመች ልጅ ናት፤ አለች የተባለችው ሴትዮ ደግሞ ያን ሰዓት ቤቷ ቁጭ ብላ ጭቃ እያቦካች ነበር። በራሷ አፍ «ነኝ»ም «አይደለሁም»ም እንድትል የጠየቃት የለም። በማግስቱ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ወባ ነበር። ክኒኑን ጨርሳ ስትድን ምስጋናው ለጭሱ ሆነ።

እኔስ? ትምህርት ቤት «ያቺ ሴትዮ አያትሽ ናት?» ብለው ሲጠይቁኝ «የእናቴ ዘመድ ናት» አልኩ። ምን አድርጊ ትሉኛላችሁ፤ ስምንት ዓመቴ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስምንት ዓመቴ አልነበረም።

ያ ኤ ያገኘሁበት ጽሑፍ ውስጥ የመርሲ ብራውን ታሪክ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ ኤክሰተር በምትባል የገጠር ከተማ፣ የ19 ዓመት ልጅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። እናቷና እህቷ ቀድመዋታል፣ ወንድሟ ኤድዊን ታሟል። መንደርተኛው «ከሞቱት አንዷ ናት ልጁን የምትበላው» አለና መቃብሯን አስከፈተ፤ ልቧን አቃጥለው አመዱን በጥብጠው ለኤድዊን አጠጡት። ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ። ሮበርት ኮህ የበሽታውን ተህዋሲ ካገኘው አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ይሄን ስጽፍ «እንዴት ያለ ኋላቀርነት!» ብዬ አዝኛለሁ፣ እመኑኝ። ለማላዊም አዝኛለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደም መጣጭ ናችሁ የተባሉ ሰዎች በመንጋ ተገድለው፣ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞቹን ከአንዳንድ የደቡብ ማላዊ አካባቢዎች ያስወጣው በዚያ ምክንያት ነበር። ለሩቅ ሰው ማዘን እንዴት እንደሚቀል!

እነዚያን የኒው ኦርሊንስ ሰዎች አልስቅባቸውም። ፍርሃታቸው እውነት ነው። ግን ምርጫ አላቸው፤ ሲፈልጉ ይናገራሉ፣ ሳይፈልጉ ዝም ይላሉ፣ ቢሰለቻቸው ይተዉታል። አኮ መቼ ነው የምትተወው? ጭቃውን ብትተው እንኳን ስሙ በልጆቿ ይዞራል። አንዷ የአክስቴ ልጅ ሽማግሌ ከተላከላት በኋላ ነገሩ እንዲሁ ቀዘቀዘ። ምክንያቱን የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ባለፈው ፋሲካ ነቀምት ነበርኩ። አኮ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ጎረቤት ቡና ተጠራሁ፤ ጀበናው የእሷ ነው፣ በአንገቱ አውቀዋለሁ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ቡዳ ላይ ደረሰ፤ እንትና ተበላ፣ እንትናዋ በላችው። አዲስ አበባ የለመድኩት ድፍረት መጣና «እኔም እኮ ቡዳ ነኝ! የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ አይደለሁ?» አልኩ።

አንድ አፍታ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ አዲስ አበባ አበላሸሽ!» አሉኝ የቤቱ እመቤት። ከፊቴ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው ወጣትም ሳቀች። ሳቋን ሳታቋርጥ ግን ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችው።

ልጁ ሲያምር ነበር። አላልኩም። ዓይኔን ወደ ስኒው መለስኩ፣ ልክ እንደ አኮ።