ቀለሜ፣ ሸምዳጅና የስንቅ አለቃ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ገንዘብ አዋጥተው የሚያሳትሙት የምረቃ መጽሔት፣ የእያንዳንዱን ተመራቂ ፎቶግራፍና ስም፣ ጓደኞቹ ያወጡለትን ቅጽል ስም፣ እንዲሁም ተማሪዎቹ «ላስት ወርድ» የሚሉትን የስንብት ቃል ይዞ የሚወጣ፣ በባለቤቶቹ ቤት ከአልበም ጎን የሚቀመጥ፣ ለትምህርት ታሪክ ጸሐፊ ግን እስካሁን ቁም ነገር ሆኖ ያልታየ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ቁም ነገርነቱ ከፎቶግራፉ አይመጣም፤ ፎቶግራፉማ ሁሉም አንድ ዓይነት ካባ ለብሶ፣ አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ የሚቆምበት በመሆኑ ማን ማን እንደሆነ ከማሳወቅ ይልቅ ያምታታል። ሰውየውን ከሌላው የምትለየው ከፎቶግራፉ ሥር ያለችው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ መሥመር የማትበልጠው ጨዋታ ናት፤ ደወል ሳይደወል ደብተሩን ሰብስቦ የሚጠብቀውን «ጡረተኛው»፣ ከፈተና በኋላ በር ላይ ቆሞ የሁሉንም መልስ እያመሳከረ ደስታ የሚያጠፋውን «ኦዲተሩ» የምትል።

የዚህ መጽሔት የውጭ አገር ወላጅ ይታወቃል። በአሜሪካ ከዬል ኮሌጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1806 የተመረቁ ተማሪዎች፣ ፎቶግራፍ ገና ባልተፈለሰፈበት ዘመን፣ የፊታቸውን የጎን ጥላ በጥቁር አስቀርጸው በአንድ ጥራዝ አሰባስበዋል፤ ልማዱም በዚያ አገር ሰፍቶ የየትምህርት ቤቱ ወግ ሆኗል። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ደብረ ማርቆስን ጨምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ለማስተማር ሲሰማሩ፣ ይህንኑ ወግ ከሻንጣቸው ጋር ይዘውት ሳይመጡ አይቀሩም። ይሁንና ይህ የዘር ሐረግ የሚያስረዳው የወረቀቱን ነገር ብቻ ነው። ጓደኛን በአንድ ቃል መሣልን፣ ሳያቆስሉ መንካትን፣ አድማጭን አስቆ ባለቤቱንም ማስፈገግን ጎጃም ከማንም ባሕር ማዶ የምትማረው ጉዳይ አልነበረም፤ ለዚህ የሚሆን ትምህርት ቤት ዲማ ላይ ነበራት።

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ መሥራቹ አባ ተከስተ ብርሃን እንደሆኑ የሚነገርለት፣ በቅኔ ትምህርት ስሙ የገነነ ጥንታዊ ገዳም ነው። ቅኔ በግእዝ ቋንቋ ዜማና ቤት ጠብቆ፣ ከላይ ሰም ከውስጥ ወርቅ አዝሎ የሚነገር ድርሰት ሲሆን፣ ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ተማሪው ደበሎውን፣ ማለትም የበግ ለምዱን ተከናንቦ በዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥር ወይም በልቡ ሲያበጅ ይውልና፣ ያበጀውን ለመምህሩ ወይም አስነጋሪ ለሚባለው ከፍ ያለ ተማሪ ይነግራል። ቤቱ ያልመታ፣ አገባቡ የተናጋ እንደሆነ በጓደኞቹ ፊት እንዲያርመው ይመለሳል። እንዲህ ባለ ጉባኤ ስሕተት ሁሉ ምስክር አለው፤ ምስክሩም ቃል አሳክቶ መናገርን ሌት ተቀን የሚለማመድ ሰው በመሆኑ፣ የጓደኛው ስሕተት እስከ ማታ ድረስ ቅጽል ስም ሆኖ ይጠብቀዋል።

ለቅጽል ስም መብዛት ሌላም ምክንያት ነበረ። የቅኔ ተማሪ ወላጆቹ ደርሰው እንዳይመልሱት ከአገሩ ርቆ የሚሰደድ፣ አንዳንዱም እስከ ስሙ ድረስ የሚለውጥ በመሆኑ፣ በጉባኤው የሚታወቀው በመጣበት አገር ነው፤ ላስቴው፣ መንዜው፣ ዳሞቴው ይባላል። ሁለት ላስቴዎች ባንድ ጉባኤ ሲገናኙ ግን አገር ብቻውን አይበቃምና ጠባይ ይታከልበታል፤ አንዱ እንቅልፋሙ ላስቴ፣ ሌላው ውሻ ፈሪው ላስቴ ይሆናል። የውሻው ነገር ቀልድ ብቻ እንዳይመስል፣ የቆሎ ተማሪ የሚባለው ይህ ወገን የሚኖረው አኩፋዳውን፣ ማለትም የልመና ስፌቱን በትከሻው አንግቶ፣ በትሩን ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» (ስለ ማርያም ስም) እያለ በሚለምነው ቁራሽ ስለሆነ፣ ውሻ የትምህርት ሚኒስቴርን ያህል ሥልጣን ነበረው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድምፁ ያማረው ተማሪ እመቤቲቱን አስወጥቶ ትኩስ እንጀራ ሲቀበል፣ ድምፀ ሻካራው ውሻውን ቀስቅሶ ይመለሳል። ዐዋቂዎቹ ጀማሪዎቹን ለልመና ሲያሰማሩም ሁለቱን አጣምረው ነው፤ አንዱ ለዜማ፣ አንዱ ለበትር።

በዚሁ ጉባኤ የአእምሮ ብርሃን ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣ አብሾ የተባለ መድኃኒት ነበር። ዕፁ መርዛማ እንደመሆኑ አንዳንዱን ከማሰብ ይልቅ ለመቃዠት ዳርጎታል። ስለዚህ «አብሾ ጠጥቷል» የሚለው ቃል ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ የሚገልጽ ሆነ፤ የሰማውን ሁሉ ይዞ የሚያስቀረውን ምጡቅና ከራሱ ጋር እየተጨቃጨቀ የሚሄደውን ቀዋሽ። አነጋገሩ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚገልጽ የሚታወቀው በተናጋሪው ቅንድብ ነው።

የዲማን ቅጽል ስም ለመላው ኢትዮጵያ ያስተዋወቀው ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልዶ፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰመው ይህ ደራሲ፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የቅኔ ቤቱን ልጅ በዛብህን በዲማ ሲያኖረው፣ ከጎኑ ካሳ ዳምጤ የሚባል ሰው አቁሟል። የአገሩ ሰው ይህንን ነገሩ ሁሉ ከልማድ የወጣ ሰው «ጉዱ» ብሎ ሰየመው፤ ልብ ወለዱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬድዮ ከተተረከ ወዲያም በየመሥሪያ ቤቱና በየክፍሉ አንድ አንድ ጉዱ ካሳ ተሾመ። ሰዎች ያንን ስም ሲያወጡ ያሰቡት ሊስቁበት ነበር፤ አንባቢው ግን የሚስቀው በሰያሚዎቹ ነው። የምረቃ መጽሔት አዘጋጆች ይህን ቢያስቡበት አይከፋም፤ ከመጨረሻው ረድፍ ሆኖ መምህሩን የሚሞግተውን ልጅ «እብዱ» ብለው የሚያሳልፉት ብዙ ናቸውና።

ጓደኛን በጨዋታ መሣል ይህን ያህል ከሠለጠነ፣ ዲማ ለምን የራሷ የምረቃ መጽሔት አልነበራትም የሚል ጥያቄ ይነሣል። የወረቀት እጥረት ነው ብሎ መመለስ ይቀላል፤ ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ ሰው በሞላበት አገር ግን ይህ መልስ አያስኬድም። እውነተኛው ምክንያት በቅኔ ቤት አብሮ መጨረስ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። መግቢያው መስከረም፣ መውጫው ሰኔ አይደለም፤ ሁሉም በገባበት ቀን ጀምሮ፣ በበቃበት ቀን መምህሩን አስመስክሮ፣ ማለትም ለማስተማር መብቃቱን አረጋግጦና ተመርቆ ብቻውን ይሄዳል። ባንድ ጉባኤ ልጅ እግሩና ሽማግሌው፣ ጀማሪውና ለመሄድ የተነሣው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ ዛሬ ተማሪዎች «ባች» የሚሉት ባንድ ቀን ገብቶ ባንድ ቀን የሚበተን ትውልድ አይፈጠርም። ሥዕሉ ነበረ፤ የቡድን ፎቶግራፍ የሚያስነሣ ቀን ግን አልነበረም። ስለዚህ የቅኔ ቤት ጓደኞች ሥዕል የተረፈን በእርጅና ዘመን በተነገረ ትዝታ ነው፤ ለዚህም ምሳሌ የሚሆነው አለቃ ለማ ኃይሉ የተናገሩት፣ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው «መጽሐፈ ትዝታ» ነው።

ባችን ያመጣው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው። መንግሥት አንድ ዓይነት ክፍል፣ አንድ ዓይነት ደብተርና ማትሪክ የተባለ አንድ የመጨረሻ ፈተና ሲያበጅ፣ ሳያስበው የጋራ ስንብትንም አበጀ። ከመጽሔቱ በፊት ግን ኦቶግራፍ የሚባል ደብተር በእጅ ዞሯል። ይህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተማረ ሁሉ የሚያውቀው፣ ባለቤቱ ጥያቄ ደርድሮበት ለየጓደኛው የሚያዞረው ማስታወሻ ሲሆን፣ ሙሉ ስም፣ የሚወዱት ምግብ፣ የሚወዱት ዘፋኝ እያለ ይወርድና «ስለ ፍቅር ያለህ አስተያየት» ላይ ይደርሳል። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ማለት ይቻላል «ፍቅር ዕውር ነው» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ብለው ከጻፉት መካከል ያፈቀረ ስንቱ እንደነበረ ደብተሩ አያሳይም። ከገጹ ጥግ ታጥፎ «አትክፈት» የተባለበት ቦታ ግን አለ፤ መከፈቱ የታወቀ ነውና ዋናው መልእክት የሚጻፈው እዚያ ነው። ለክፍሉ ሁሉ የሚሆነውን ቀልድ ደግሞ ሚኒ ሚዲያ የተባለው የተማሪዎች ክበብ በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ያነበዋል፤ ድምፅ ማጉያው ስለሚንጫጫ የተሣቀበት ልጅ ስሙን ባይሰማም፣ ሁሉም ወደ እርሱ ሲዞር ያውቀዋል።

በጎጃም ወረዳ ከተሞች የሚማረው ልጅ ከቆሎ ተማሪው የሚርቀው ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ሄደው እሑድ ማታ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው የሚመለሱ ናቸው። አኩፋዳ በማዳበሪያ ከረጢት ተተክቷል፤ ውሻው ግን በሥራው ላይ ነው። ከነዚህ ደባሎች አንዱ ሳይመረጥ የስንቅ አለቃ ይሆናል። ይህ ሰው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አንገቱን የሚደፋ ቢሆንም፣ ቤት ሲገባ የቀረውን ድርቆሽ በዓይኑ ለክቶ እስከ ዓርብ ያከፋፍላል፤ የሽሮውን ልክ በከሰል በግድግዳ ላይ ያሰምራል፤ ሒሳቡ አልገጥም ሲለው ረቡዕና ዓርብ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጾም መሆናቸውን አስታውሶ ሐሙስን በራሱ ሥልጣን ሦስተኛ የጾም ቀን አድርጎ ያውጃል። መጽሔቱ ስለ እርሱ ሲጽፍ «የወደፊቱ የገንዘብ ሚኒስትር» ማለቱ የተለመደ ነው፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ለሹመቱ ከእርሱ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው አይገኝም።

ቀለሜ የሚባለው ትምህርት የገባው ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ብቻውን ተቀምጦ በፈተና ቀን ዘመድ ይበዛለታል፤ ከፊቱ፣ ከኋላውና ከጎኑ ለመቀመጥ የሚደረገው ሽሚያ በቦታ ይዞታ ክርክር እንኳ አይታይም። ሸምዳጁ ከእርሱ ይለያል፤ መጽሐፉን ሳይረዳ እንዳለ የሚውጥ በመሆኑ፣ መምህሩ ስለ ልብ አሠራር ሲጠይቀው «ሥዕሉን ተመልከት» የሚለውን ጭምር ያነበንባል። አጤሬራ፣ ማለትም የኩረጃ ቁራጭ ወረቀት የሚያዘጋጀው ሦስተኛው ሰው ደግሞ ትምህርቱን ሁሉ በመዳፍ በምትሸፈን ወረቀት አሳጥሮ ለመጻፍ ሌሊቱን ሲደክም ያድርና፣ ጠዋት ሁሉንም በቃሉ ስለሚያውቀው ወረቀቱ አያስፈልገውም። ረባሹን መግለጽ አያስፈልግም፤ የክፍል አለቃው አራት ዓመት ሙሉ ስሙን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንደኛ አድርጎ ጽፎታል።

የእነዚህ ሥዕሎች ትልቁ ድክመት በሴቶቹ ገጽ ላይ ይታያል። ለወንዱ ልጅ «ጡረተኛው»፣ «ኦዲተሩ» እያለ የተራቀቀው ብዕር፣ ሴቷ ጋ ሲደርስ «ዝምተኛ»፣ «ጨዋ»፣ «ቆንጆ» ብሎ ያርፋል። ይህ ጨዋነት አይደለም፤ አለማየት ነው። ቅኔ ቤቱ በአብዛኛው የወንዶች ጉባኤ ነበርና ለዚህ ጉድለት የራሱ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ከዚያው ከጎጃም ምድር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ዓይነ ስውር ሆነው፣ የአባታቸውን የቅኔ ወንበር ወርሰው ወንዶቹን አስተምረዋል። የተማሪን ሁሉ ቅኔ ሲያቃኑ የኖሩትን ሴት «ዝምተኛ» ብሎ ከፎቶግራፍ ሥር የሚጽፍ አዘጋጅ ቢኖር የሚገጥመውን መልስ መገመት አያዳግትም።

ከመጽሔቱ ዐምዶች ሁሉ በጊዜ ቶሎ የሚያረጀው የወደፊት ምኞት የሚጻፍበት ነው። ዶክተርና ፓይለት የማይሆን ተመራቂ የለም። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ብሔራዊውን ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ወስደው ውጤቱ ሲወጣ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ፓይለቶቹ መጽሔቱ ላይ ቀሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ፣ መጽሔት ቀርቶ ክፍል ያላገኙ ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

እነዚህ መጽሔቶችና ኦቶግራፎች በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በአይጥና በእርጥበት እያለቁ ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለና፣ ከምሥራቅ ጎጃም ትምህርት ቤቶች የተረፉትን ቢሰበስብ ለጥናትም ለሣቅም ይበቃሉ። የእጁን ያላጠፋ አንባቢም አደራ፣ አይጣለው፤ ቢያንስ የታጠፈውን ጥግ ገልጦ «አትክፈት» ከሚለው በታች ማን ምን እንደጻፈለት አንብቦ፣ ጓደኛው በሕይወት ካለ ይደውልለት።