የነበልባል ልክ

በላስታ ደጋ ሲመሽ ብርዱ ይጸናል፤ ስለዚህ በየቤቱ እሳት ይነድዳል። በገጠር ማገዶው እንጨትና ኩበት ነው፤ በላሊበላ ከተማ ግን ቡታጋዝ የሚያነድም አለ። የጧፍ ነበልባል ብጫ ነው፤ የቡታጋዝ ነበልባል ግን ሰማያዊ ነው። ይህ ስለ ምንድን ነው?

የጧፍ ሰም ቀልጦ ይተንናል፤ አየር የሚያገኘውም እየነደደ ሳለ ነው። አየሩ ስለማይዳረሰው ጥላሸት ይወጣል፤ የጋለውም ጥላሸት ብጫ ሆኖ ያበራል። ቡታጋዝ ግን ከምድጃው አፍ ሳይደርስ በቧንቧ ውስጥ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ ስለዚህ ፈጽሞ ይነድዳል። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ እንግዲህ የምድጃው የአየር መግቢያ እንዳይደፈን ዘወትር ሊጠረግ ይገባዋል።

ለመቀላቀሉም ልክ አለው። ቡታን የሚባለው ጋዝ ከድብልቁ 100 እጅ 2 እጅ ያህል ካልሞላ አይነድም፤ ከ8 እጅ እጅግ ከበለጠም አይነድም። በመካከሉ ሲሆን ግን አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

ነበልባል ሙቀቱ ከተወሰደበት ይጠፋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1812 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ ፌሊንግ በሚባል የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ጋዝና አየር ተቀላቅሎ ፈነዳ፤ 92 ሰዎችም ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ልጆች ነበሩ። በ1815 ዓ.ም. ሃምፍሪ ዴቪ የተባለ ሊቅ የመብራትን ነበልባል በረቂቅ የሽቦ ወንፊት ከበበው። ሽቦው ሙቀቱን ስለሚወስድበት ነበልባሉ በወንፊቱ ቀዳዳ አልፎ በውጭ ያለውን ጋዝ ማቀጣጠል አቃተው።

በቤት ግን እንዲህ ያለ ወንፊት የለም፤ ጠባቂው የሰው ጥንቃቄ ነው። ነፋስ ገብቶ የምድጃውን ነበልባል ቢያጠፋው፥ እሳቱ ይጠፋል እንጂ ጋዙ አይቆምም፤ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ዓይንም አያየውም። ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ጋዝ ሲሸታችሁ ክብሪት አትጫሩ፤ የኤሌክትሪክ መብራትም አታብሩ፥ አታጥፉም። ለታላላቆቻችሁ ፈጥናችሁ ንገሩ፤ ጋዙ ይዘጋ፥ በርና መስኮቱም ይከፈት፤ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ። ሌሊቱ ቢበርድም ብርድ ያልፋል፤ የጠፋች ነፍስ ግን አትመለስም። እሳት ጠፋ ብሎ የሚተኛ ሞኝ ነው፤ ስለ ምን እንደ ጠፋ የሚመረምር ግን ቤቱን ያድናል።