ደጅ ጥናት በሲቪ ዘመን

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ወደ ቤቴ መጣ። በአካውንቲንግ ተመርቋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም አልፏል። ሲቪውን እንዳርምለት ሰጠኝ። ጥቂት ቃላት አስተካከልሁ፤ የረዘመውን አንቀጽ አሳጠርሁ። ወረቀቱን ተቀብሎኝ እያጠፈ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ጋሼ፣ እዚያ መሥሪያ ቤት የምታውቀው ሰው የለም?» አለኝ።

ልቆጣው አልቻልሁም። እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ፣ የረቡዕና የእሑድ ሪፖርተርን በሳንቲም ተከራይቼ እያነበብሁ፣ የክፍት ሥራ ቦታ አድራሻ ስገለብጥ የከረምሁ ሰው ነኝ። አጠገቤ ከሚቆሙት ሥራ ፈላጊዎች የቀሰምሁት የመጀመሪያው ትምህርት፣ «ማስታወቂያ የሚወጣው ሰው ከተገኘ በኋላ ነው» የሚል ነበር።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በነገሥታቱ ዘመን ሹመት ፈላጊ ከጌታ ደጅ ቆሞ ወራት፣ ሲከፋም ዓመታት ይጠና ነበር። በ1977 ዓ.ም. ኢሠፓ ሲመሠረት የአባልነት ደብተር የዕድገት መሰላል ሆነ። ኢሕአዴግ ሲመጣ ደግሞ ደብተሩ በፎርም ተተካ። እርሱም በ2012 ዓ.ም. ከሰመ። ደጁ ባለቤት ይቀያይራል፤ ጥናቱ ግን አልቀረም።

ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515፣ ክፍት የሥራ ቦታ የሚያዘው ተፈላጊውን ችሎታ በሚያሟላና ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ባገኘ ሰው እንደሆነ ደንግጎ ነበር። በሥራ ፈላጊዎች መካከል በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖትም ሆነ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግን ከልክሏል። አዋጁ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1064 እስኪተካ ድረስ አንድ ቅጂው ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እንግዲህ የምናገረው ሕጉን ሳላውቅ ስላጠፋሁት ጥፋት አይደለም።

በ2002 ዓ.ም. የምሠራበት መሥሪያ ቤት የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርሁ። ለአንድ የቡድን መሪነት ቦታ ሦስት ሰዎች ተወዳደሩ። አንደኛዋ ከእኔ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡ ሴት ነበሩ፤ ሥራ ያስተማሩኝም እርሳቸው ናቸው። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጡ። ውጤቱ ተደምሮ ሊያልቅ ሲል ኃላፊው ጠሩንና፣ «አመለካከት የሚለውን ነጥብ እንደገና እዩት» አሉን። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም፤ መናገርም አላስፈለጋቸውም። ነጥቡ «ታየ»። ሴትዮዋ ሁለተኛ ሆኑ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ዛሬም ከማኅደሩ ውስጥ ይገኛል።

በማግሥቱ ከደረጃው ላይ አገኙኝ። «ወንድሜ፣ በምንድን ነው ያነስሁት? ለሚቀጥለው እንዳሻሽለው ንገረኝ» አሉኝ። «ኮሚቴው ነው የወሰነው» ብዬ አለፍሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እርሳቸው ግን ጉድለቱን ከራሳቸው ዘንድ ይፈልጉ ነበር።

ከዓመት በኋላ እኔ ራሴ ዕድገት ተሰጠኝ። ተወዳድሬ ነው፤ ፈተናውንም በሚገባ ሠርቻለሁ። ነገር ግን አንደኛ የወጣሁት በችሎታዬ ይሁን በዝምታዬ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘመዳዊና ድርጅታዊ ሹመት ተሸናፊውን ብቻ የሚበድል ይመስለን ነበር። አሸናፊውም የገዛ ራሱን ልክ የሚያውቅበትን ሚዛን ይነጠቃል። ልኩን የማያውቅ ሹም ደግሞ ከእርሱ የተሻለውን ሁሉ ይፈራል፤ በተራው «አመለካከቱን እዩት» ይላል። መሥሪያ ቤቶቻችን በዕውቀት የሚደኸዩት በዚህ መንገድ ነው።

ለእህቴ ልጅ ምን ልበለው? የማውቀው ሰው አለ፤ አልደውልለትም። ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ምክሬን ግን ሰጠሁት፦ ከፈተናው በፊት የነጥብ አሰጣጡን ጠይቅ፤ ከፈተናው በኋላ ውጤትህን በጽሑፍ ጠይቅ፤ የሰጠኸውንና የተቀበልኸውን ደብዳቤ ሁሉ ቅጂ ያዝ። እምቢ ቢሉህ እንኳ እምቢታቸው በወረቀት ላይ ይቅር። «አንድ ቀን ደግሞ» አልሁት፣ «ከኮሚቴ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ያን ጊዜ ከቃለ ጉባኤው ግርጌ ‹በልዩነት› ብለህ ስምህን ጻፍ።»

«አንተ ጽፈህ ታውቃለህ?» አለኝ።

አልጻፍሁም። ይህን ጽሑፍ ዘግይቶ እንደ ደረሰ የልዩነት ሐሳቤ ቁጠሩልኝ።