ድንኳን አልወጣም

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ የአዲስ አበባ ሰው የግቢውንና የመንገዱን ጥራጊ ሰብስቦ እሳት ሲለቅበት ከተማይቱ በጢስ ትሸፈናለች፤ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውም ይኸው ነው። ዛሬ ፕላስቲክም አብሮ ስለሚጤስ፣ በሽታን ለማራቅ የተጀመረው ልማድ ራሱ ሳል የሚያመጣ ሆኗል ብል የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ከልጆቻችን አንዱን የጢሱን ምክንያት ብንጠይቀው፣ በ1911 ዓ.ም. ስለ ገባው ስለ «ኅዳር በሽታ» ሊነግረን የሚችለው ጥቂት ነው፤ ሥርዓቱን ይዘን ታሪኩን ለቀነዋልና።

ያ መቅሠፍት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በምድር ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በጽኑ ታመው እንደ ተረፉ፣ በአዲስ አበባም ብቻ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው እንዳለቀ፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በጻፉት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፍ ተገልጿል። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም የዘመናቸውን ትዝታ ሲጽፉ ሳያነሡት አላለፉም፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስትም ጥናት ጽፈውበታል። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩ ኖሮ የቀረን ጢሱ ብቻ ነበር። ሆኖም የመኳንንቱ ሕመምና የሙታን ብዛት ቢጻፍም፣ ቤተሰቡ በሙሉ በተኛበት ቤት እሳት ያነደደው ማን እንደ ሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ በታመመበት ሰፈር መቃብሩን የቆፈረው ማን እንደ ነበረ፣ ያለ ፍትሐት የተቀበረው ሰው ተዝካሩ በስንተኛው ወር እንደ ወጣ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው፤ ውኃ ቀጂዋና እንጨት ለቃሚዋ የራሳቸው ጸሐፊ አልነበራቸውምና።

እኛስ? መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና የተያዘ የመጀመሪያው ሰው በሀገራችን መገኘቱ ከተነገረ ጀምሮ፣ የተመረመረው፣ የተያዘው፣ ያገገመውና የሞተው በየዕለቱ በጤና ሚኒስቴር በቁጥር ይነገረን ስለ ነበር፣ ሁሉ ነገር የተጻፈልን መስሎን ዝም ብለናል። ቁጥሩ መጻፉ መልካም ነው፤ እኔም አላቃልለውም። የሰፈርን ኑሮ ግን ከዚያ ቁጥር ውስጥ ማውጣት አይቻልም።

የምኖርበት ሰፈር እድር የዕቃ መዝገብ አለው። ሰው በሞተ ቁጥር ግምጃ ቤቱን የያዘው አባል ምን ያህል ዕቃ ወጥቶ ምን ያህሉ እንደ ተመለሰ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፍበታል፤ ከዚያ ዓመት መጋቢት በፊት ያለውም ገጽ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ ድንኳን 1፣ አግዳሚ ወንበር 20፣ ጎላ ድስት 2። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን ከታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥም ከተከለከለ በኋላ ግን፣ በሚያዝያ ገጽ ላይ «ድንኳን አልወጣም፤ አግዳሚ 2፤ ባለ ቧንቧ ጀሪካን 1፤ ሳሙና 2» የሚል እናገኛለን፤ ዝቅ ብሎም «ድንኳን አልወጣም»፣ ከዚያም በታች ዳግመኛ «ድንኳን አልወጣም»።

ሐዘንተኛ በቤቱ ብቻውን ተቀምጦ፣ ጎረቤት ከአጥር ውጭ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ የሚመለስበት፣ ንፍሮው በፌስታል ታስሮ በር ላይ የሚንጠለጠልበት፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው ቃል በስልክ የሚደርስበት ወራት ምን ይመስል እንደ ነበረ የሚናገር ሌላ ጽሕፈት እኔ አላየሁም። ቀብር የቀረ አባል ይቀጣል የሚለው የእድራችን ደንብ በዚያ ሰሞን ተገልብጦ፣ ለቀብር የወጣው ሰው ሲበዛ ዳኛው ራሳቸው ከመካነ መቃብሩ በር ላይ ቆመው «ወንድሞቼ፣ በእመቤቴ፣ ግማሻችሁ ተመለሱልኝ» እያሉ ይለምኑ ነበር። የሚለመነውም ሰው ይቆጣ ነበር፤ ወዳጁን ሳይቀብር መቅረትን እንደ ክህደት ይቆጥረዋልና። እገዳው በላላ ጊዜ ደግሞ፣ የሞተው ሰው ሰባት ወር ካለፈው በኋላ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ የሚደርስ መጣ፤ የቤቱ ሰውም እንደ አዲስ አለቀሰ።

የሰሙነ ሕማማቱ ነገርም እንዲሁ ነው። ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ታዝዞ ስለ ነበር፣ ሚያዝያ 9 ቀን የስቅለት ዕለት፣ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ካርቶን አንጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ሲሰግዱ፣ ግብረ ሕማማቱ ከሦስተኛው ፎቅ ቴሌቪዥን በመስኮት ይሰማ ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ ንባቡ ተቋረጠ፤ ከመካከላቸው አንዲቱ አሮጊት ግን «ኪርያላይሶን» ማለታቸውን ሳያቋርጡ ስለ ቀጠሉ ሌሎቹ ተከተሏቸው። ሚያዝያ 16 ቀን ረመዳን ሲገባም የተራዊሕ ሶላት በየቤቱ ሆነ፤ በእኛ ደረጃ ላይ አባት እያሰገደ ልጆቹ ከኋላው ተሰልፈው የሚሰሙትን ቁርኣን እኛም ከግድግዳው ማዶ ሆነን እንሰማው ነበር። ታክሲው ግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ መጫኑን፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ መወደዱን፣ የዳማከሴውን እንፋሎት ሁሉም ስለሚያስታውሰው አላስረዝመውም።

እንዲህ ቶሎ የረሳነው ልበ ደንዳና ሆነን አይደለም። በሽታው ገና ከቤታችን ሳይወጣ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነት ስለ ተከተለ፣ ሐዘን ሐዘንን ሸፈነው፤ በጦርነት ልጁን ያጣ ሰው ባለበት ሰፈር ስለ ጀሪካንና ስለ ሳሙና ማውራት ነውር መሰለን። እኔ ግን ይህን አሳብ አልቀበለውም፤ ትልቁ መከራ የሚጻፈው ትንሹን በመደምሰስ አይደለም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ይህን ለምታነቡ ሁሉ የማቀርበው ልመና አለኝ። የሰፈራችሁን እድር ዳኛና ጸሐፊ አስፈቅዳችሁ የ2012ቱንና የ2013ቱን መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የጡሩንባ ነፊውን፣ የቀብር ቆፋሪውን፣ የሰበካ ጉባኤውን ሰው፣ የመስጊዱን ኮሚቴ ቃል በስልካችሁ ቅዱ፤ ቀኑንና ሰፈሩን ጻፉበት፤ አንዱን ቅጂ ለእድሩ፣ አንዱን ለወመዘክር ስጡ። በእነዚያ ወራት የቀበሩት ሽማግሌዎች ራሳቸው እየተቀበሩ ነውና ለከርሞ አታቆዩት። የሟቾችን ስም ግን ቤተሰብ ሳይፈቅድ አታውጡ፤ መዝገቡንም ሳታበላሹ ወደ ግምጃ ቤቱ መልሱ።